ነጋም

ከዚህ በታች ከጻፍኩት ውስጥ አንዲት ቃል ጨምሬ እንደሆነ፣ ዓርብ በሥራ መውጫ ሰዓት፣ ሁለት ሰማንያ አምስት አውራ ጎዳና መሀል፣ አራቱም ጎማዬ አንድ ላይ ይፍረጥ፤ ያውም በረራው የረፈደበት ተሳፋሪ ከኋላ ጭኜ። ሌላው ሰው ያላየውን ያወራል። የእኔ ችግር ተቃራኒው ነው፤ ካየሁት ግማሹን ውጬ እንኳ ሰው አያምነኝም። አትላንታ ካለው ሐበሻ ሁሉ የእኔን ያህል ያየ የለም ብል ትሕትና ይሆንብኛል። ስለዚህ ይህን ታሪክ አሳንሼ፣ ቀንሼ፣ ለአቅመ እምነት እንዲበቃ አድርጌ ነው የምጽፈው።

ቅዳሜ ጠዋት ስኔልቪል፣ ጋሽ ኃይለማርያም ቤት፣ ኪችን ውስጥ ቆሜ ሰውዬው ታላቅ እህታቸውን «ነገ ጥቁር ካልለበስሽ ከዛሬ ጀምሮ ወንድም የለሽም» ሲሉ በሁለቱም ጆሮዬ ሰማሁ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሴት ናቸው፣ እትዬ ሸዋነሽ። በእጃቸው የያዙትን የሻይ ብርጭቆ ሲንኩ ውስጥ አስቀመጡት፣ ውኃውን ከፈቱት፣ ብርጭቆው ሞልቶ ሲፈስ ቆመው አዩት፣ ከዚያ ዘጉት። ጋሽ ኃይለማርያምም ወደ እኔ ዞሩና ስለ ወንበር ማውራት ጀመሩ። ወንበሩን የተከራዩት አንዱን በሁለት ዶላር ከሩብ ነው፤ ታከር ያለው አከራይ ሦስት ዶላር ብሏቸው ነበር፤ ማድረሻ ለብቻው ነው። ይህን ዋጋ ለገባው ሁሉ ሲናገሩ ነው ያረፈዱት። ሌላ የሚያወሩት የጠፋባቸው ይመስለኛል። ቤቱ ዘጠኝ መኝታ ክፍል አለው፤ እሺ፣ ልብስ ማጠቢያውና ቁም ሣጥኖቹ ከተቆጠሩ። ኪችኑ መሀል ያለው ግራናይት በፎይል በተሸፈኑ ትሪዎች ሞልቷል፣ ጋራዡ ውስጥ ወንበሩ እስከ ጣሪያ ተቆልሏል፣ የታረደው በግ ሦስት ነው ይባላል፤ እኔ በዓይኔ ስገምተው ከሠላሳ አያንስም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእህትና በወንድሙ መሀል የተወለደ ነጋ የሚባል ወንድም ነበራቸው። በቀይ ሽብር ጊዜ፣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ተማሪ ሳለ፣ ከቤት ወሰዱት። አልተመለሰም። ሬሳውንም ያየ የለም። ጋሽ ኃይለማርያም ያኔ ልጅ ነበሩ፤ ዘንድሮ ደረታቸው ተከፍቶ ልባቸው ከተሰፋ ወዲህ ግን «የወንድሜን ተዝካር ሳላወጣ አልሞትም» ብለው ተነሡ። እትዬ ሸዋነሽ በበኩላቸው ነጋ ሞተ የሚል ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። ቤተ ክርስቲያን ስም ሲያስጠሩ፣ ቄሱ የሞቱትን ሲጠይቋቸው ዝም ይላሉ፤ የሕያዋንን ሲጠይቋቸው ወልደ ኪሮስ ይላሉ፣ ከሁሉ አስቀድመው። የነጋ የክርስትና ስም ነው። ታላቅ እህት በሕያዋን የምታስጠራውን ሰው ታናሽ ወንድም እንዴት አድርጎ በሙታን ያስጠራዋል? ለመኗቸው፣ ተቆጧቸው፣ ሽማግሌ ላኩባቸው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ እኔ ነበርኩ፤ ዋናው ማለቴ ነው። በመጨረሻ እትዬ ሸዋነሽ ሰለቻቸውና «እሺ፣ አምጡት» አሉ። የመጣው ጥቁር ቀሚስ ረዘመ። እኔ በዚያ ጠዋት የተጠራሁት ታከር ያለ ልብስ ሰፊ ጋ ወስጄ እንዳሳጥርላቸው ነው። ባለቤቴ እየሩሳሌም አብራኝ መጣች፤ ሴትዮዋ ልብስ ሲለኩ አጠገባቸው ሴት ትኑር ብላ።

«ካሳሁን፣ መኪናህን አስነሣ» አሉኝ እትዬ ሸዋነሽ፣ ወንድማቸውን ሳያዩ። ወንድማቸውም ሳያዩዋቸው «ልብሱ ከረጢት ውስጥ ነው» አሉ፤ ለእኔ።

ልብስ ሰፊው ቱርክ ነው፣ ኔጃቲ ይባላል። እዚህ ላይ የማያውቀኝ አንባቢ ካለ፣ እኔ ቱርክ አገር ሰባት ዓመት ኖሬአለሁ። ኢስታንቡልን እንደ መዳፌ ነው የማውቃት። ቋንቋውንማ፣ ቱርኮቹ ራሳቸው በቃል ሲከራከሩ እኔ ጋ እየመጡ ነበር የሚዳኙት። አንድ ጄኔራል ልጁን ሊድርልኝ የሠርጉ ቀን ተቆርጦ ነበር፤ እሱን ሌላ ጊዜ። ይህን በየሠርጉና በየልቅሶው ስለማወራ ከሊቶኒያ እስከ ስኔልቪል የማያውቅ ሐበሻ የለም። እየሩሳሌም ብቻ ወሬው ሲጀመር ተነሥታ ዕቃ ማንሣት ትወዳለች፤ ኢስታንቡል ኤርፖርት ወንበር ላይ አብራኝ ያደረች ሴት ናትና ከሰባቱ ዓመት ያየችው ያቺን ሌሊት ብቻ ነው። ሱቁ ስንገባ «መርሃባ አቢ፣ ታማም?» አልኩት ኔጃቲን። በእንግሊዝኛ መለሰልኝ። ትሑት ሰው ነው።

ሱቁ በጥፍር መሥሪያና በጎማ ቤት መሀል የተወሸቀ አንድ ጠባብ ክፍል ነው። በፕላስቲክ የተሸፈነ የሰው ኮት ከጣሪያው ተንጠልጥሏል፣ ግድግዳው ላይ ማሳጠሪያ አሥራ ስምንት ዶላር፣ ዚፕ መቀየሪያ ሃያ የሚል ተለጥፏል። እትዬ ሸዋነሽ ቀሚሱን መጋረጃው ኋላ ለብሰው ወጡ። ኔጃቲ መስተዋቱ ፊት ባለች ሳንቃ ላይ አቆማቸውና ስፒሎቹን በከንፈሩ ይዞ እግራቸው ሥር ተንበረከከ። ጠረጴዛው ላይ ካለች ስፒከር የወንድ ድምፅ ይወጣል፤ ክራር የመሰለ፣ አንገቱ ግን የረዘመ ነገር እየመታ። ሻካራ ድምፅ ነው፤ አይለምንም፣ አያለቅስም። እየወረደ፣ እየወረደ መጣና ድንገት ከፍ ብሎ «ነጋም!» አለ። ቆየና ዝቅ አድርጎ ደገመው፤ «ነጋም።» መስተዋቱ ውስጥ የእትዬ ሸዋነሽ ፊት ሲለወጥ አየሁ።

«ጠራው» አሉ።

«ማንን፣ እትዬ?»

«ነጋን ነዋ! ነጋም አለ፣ አልሰማህም? ሌሎቹን ጠራ፣ ጠራ፣ ከዚያ ነጋም አለ። ከጓደኞቹ ጋር ነው የጠራው።»

ለኔጃቲ ጥያቄውን በቱርክኛ አቀረብኩለት፤ እሱም አሁንም በእንግሊዝኛ ሊመልስልኝ ሲል ስፒሎቹን ከአፉ አወጣ። ዘፈኑ ለተገደለ ልጅ የተዘፈነ ነው አለ። ተማሪ ነበር፣ አብዮተኛ፤ መንግሥት ነው የገደለው፣ የዛሬ ሃምሳ ዓመት ገደማ። ስሙን ስንጠይቀው ራሱን ነቀነቀ። ስሙ ዘፈኑ ውስጥ የለም፤ ያኔ ስሙን መጥራት ያሳስር ነበር፤ የሚሰማው ሁሉ ግን ማን እንደሆነ ያውቃል። ይህን ሁሉ ለእትዬ ሸዋነሽ ተረጎምኩላቸው። ተማሪ ስል፣ ሃምሳ ዓመት ስል፣ መንግሥት ስል፣ በያንዳንዱ ቃል ሳንቃዋ ላይ ትንሽ እየረዘሙ የሚሄዱ መሰለኝ።

«ስሙ የለም?» አሉኝ፣ እያዘኑልኝ። «ይኸው ጠራው እኮ፣ ልጄ!»

ዝም ማለት ይቻል ነበር። ዝም ማለት ግን ወሬ ለሌለው ሰው ነው። እኔ በዚያ ዘመን የቱርክ ተማሪና የእኛ ተማሪ አንድ መጽሐፍ ያነብ እንደነበር፣ አንድ ዓይነት ሹራብ ይለብስ እንደነበር፣ ኢስታንቡል ሳለሁ ስለ አንድ ጀግና ሐበሻ ልጅ ሲወራ መስማቴን፣ ስሙም በ«ነ» የሚጀምር እንደነበረ ነገርኳቸው። እየሩሳሌም ክንዴን ቆነጠጠችኝ፤ ምልክቱ እስከ አሁን አለ፣ የብር ሳንቲም ያክላል።

«እሺ ምን ይላል?» አሉ እትዬ ሸዋነሽ። «ከነጋም በፊት ያለውን ንገረኝ። ሞቷል ነው የሚለው፣ አለ ነው የሚለው?»

«እትዬ፣ ስፒከሩ ያንባርቃል። ቁጭ ብዬ በደንብ ላዳምጠውና ዛሬውኑ ቃል በቃል እነግርዎታለሁ።»

ከሳንቃዋ ወረዱ። ቀሚሱ ግማሹ በስፒል ተይዟል፣ ግማሹ መሬት ይጠርጋል። «ስማ» አሉኝ። «ሞቷል ካለ ነገ እለብሳለሁ። ስሙንም ለቄሱ ለውጬ እሰጣለሁ። አለ ካለ ግን፣ ኃይሌ ቤቱን በወንበር ቢሞላው አልወጣለትም። እስከ ዛሬ እንዲህ ነው ብሎ የነገረኝ ሰው የለም። ይሄ የመጀመሪያው ነው።» ቀሚሱን እዚያው ትተው የራሳቸውን ለበሱ።

ስንመለስ ሃይዌይ ሰባ ስምንት ተዘጋግቶ ነበር፤ ስቶን ማውንቴን ጋ አንድ ፒካፕ ተገልብጦ። እትዬ ሸዋነሽ ከኋላ ተቀምጠው፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ስለ ሳህኑ አወሩ። ነጋ ከተያዘ በኋላ በየቀኑ ስንቅ ያመላልሱ ነበር፤ ሰማያዊ ጠርዝ ባላት የቆርቆሮ ሳህን፣ በጨርቅ ቋጥረው። ለሌላው ቤተሰብ አንድ ቀን በር ላይ ያለው ወታደር «ከእንግዲህ አታምጪ» ይለዋል፤ ያ ምን ማለት እንደሆነ ለማንም አይጠፋም፣ እዚያው አፈሩ ላይ ወድቀው ይጮኻሉ። እሳቸውን ግን አታምጪ ያላቸው የለም። ሳህኑ ይገባል፣ ባዶውን ይመለሳል። እንዲህ ሲሆን ከርሞ አንድ ጠዋት ሲሄዱ እስረኞቹ ተዛውረዋል ተባሉ፤ ወዴት የሚል የለም፤ በሩ ላይም የማያውቁት ዘበኛ ቆሟል። «ዘበኞቹ ናቸው የሚበሉት አሉኝ» አሉ። «እናቴ ሳትቀር። እኔ ግን የነጋን አበላል አውቃለሁ። ጠርዙን በጣቱ ይጠርጋል። ሳህኑ ተጠርጎ ነበር የሚመጣው።» እየሩሳሌም ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። እኔ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የምጨምርበት አጣሁ።

ቤት ስንደርስ ጋሽ ኃይለማርያም ጋራዡ በር ላይ ወንበሮቹን አንድ በአንድ እየዘረጉ በጨርቅ ይወለውላሉ። «ልብሱስ?» አሉ። እህታቸው በአጠገባቸው አልፈው ወደ ቤዝመንት ወረዱ፤ ክፍላቸው እዚያ ነው። እነዚህ እህትና ወንድም አንድ ጣሪያ ሥር ስንት ዓመት ሲኖሩ፣ አንዱ ላይ አንዱ ታች፣ ከላይ እግር ሲሰማ ከታች የቴሌቪዥኑ ድምፅ ከፍ ይላል። የሆነውን ነገርኳቸው። ይስቃሉ ብዬ ነበር።

«ሞተ ይላል በላት» አሉ።

«ጋሼ፣ ገና አላዳመጥኩትም።»

«ምንም ይበል። ስለ በግ ይዝፈን፣ ስለ ዝናብ ይዝፈን፣ አንተ ብቻ ሞተ ይላል በላት። ቱርክኛ የምታውቀው አንተ ነህ፤ ማን ይመሰክርብሃል?» ደረታቸውን በመዳፋቸው ያዙ፣ ስፌቱ ላይ። «እኔ ከሄድኩ በሙታን የሚያስጠራው ማነው? እሷ ከሄደችስ በሕያዋን የሚያስጠራው ማነው? ልጆቼ እንደሆነ ስሙን እንኳ በቅጡ አይሉትም። ከሁለቱም ይወጣል እኮ፣ ካሳሁን። የትም ሳይኖር ሊቀር ነው።»

እንዲህ ያለ ነገር የተባበሩት መንግሥታት አስተርጓሚ ላይ ቢወድቅ በዚያው ቀን ጡረታ ይጠይቅ ነበር። እኔ ግን እየሩሳሌምን ይዤ መኪናዬን አዙሬ ወደ ታከር ነዳሁ። ኔጃቲ ሱቁን ሊዘጋ ሲል ደረስን። ዘፈኑን ድጋሚ እንዲያሰማኝ ለመንኩት፤ አብዛኛው ገብቶኝ ነበር፣ ለማረጋገጥ ያህል ነው። መኪናውን አቁሞ፣ የልብስ ስፌቱን ማለቴ ነው፣ መስመር በመስመር እያስቆመ ነገረን። መጀመሪያ የምትናገረው እናት ናት። አልጋህን አንጥፌአለሁ፣ በረዶው ሳይጥል ግባ፣ ትላለች። ልጁ ከተራራው ላይ ሆኖ ይመልስላታል። አልጋዬ ላይ ሌላ ይተኛበት፣ ጫማዬን ሌላ ያጥልቀው፣ የጀመርኩትን መንገድ ሌላ ይጨርሰው፤ እኔ ብወድቅ፣ ነ ጋም።

«ነ ጋም ምንድን ነው?» አለችው እየሩሳሌም።

ኔጃቲ ትከሻውን ሰበቀ። ሳይገባው ቀርቶ መስሎን ነበር፤ ለካስ ትርጉሙ ራሱ ያ ነው። ጋም ኀዘን ነው አለ፣ ነ ማለት ምን። ምን ኀዘን አለ? ምን አለበት? እንደዚያ ነው። ደፋር ቃል ነው፤ ወጣት ሳለን የትግል ጓዳችንን ስንቀብር በጩኸት እንለው ነበር አለ። ከዚያ መብራቱን አንዱን አጠፋና፣ እናቴ ግን ይህ ዘፈን ሲመጣ ሬድዮኑን ትዘጋው ነበር አለ። እየሩሳሌም በአማርኛ «ይሄን የጻፈ ሰው የሄደ ነው እንጂ የጠበቀ አይደለም» አለች፤ እሱም ሳይገባው፣ የገባው ያህል ራሱን ነቀነቀ።

ቀሚሱን ከነስፒሉ ተቀብዬ መኪና ውስጥ ገባሁና ቃሉን በአማርኛ ሞከርኩት። ምን ኀዘን አለ። ቢቀርስ። ምን ገዶኝ። ምን ቸገረኝ። የትኛውም እትዬ ሸዋነሽ ፊት የሚቀርብ አልነበረም። ዘፈኑ ስሙን አልጠራም ማለት አንድ ነገር ነው። ስሙ መስሏቸው የሰሙት ቃል «ምን ኀዘን አለ» ማለት ነው ብሎ ለእሳቸው መንገር ግን፣ ዕድሜአቸውን ሙሉ ሳያለቅሱ ላዘኑ ሴት፣ እንዴት ተብሎ? ሞተ ይላል ብላቸው ውሸት አይደለም፤ ልጁ ሞቷል፤ የሌላ ሰው ልጅ ነው እንጂ። አለ ይላል ብላቸው ደግሞ ነገ ሰው በሞላበት ቤት ታች ብቻቸውን ሊቀመጡ ነው።

«ምን ልትላቸው ነው?» አለች እየሩሳሌም።

«አውቃለሁ።»

«ምን?»

«ስደርስ አውቃለሁ።»

ፀሐይ ስትጠልቅ ደረስን። ድራይቭዌዩ ላይና በመንገዱ ግራና ቀኝ መቶ መኪና ቆሟል። በሩን ከፍቼ ስገባ ለነገው ሥራ የመጣው ሦስት መቶ ሰው በአንድ ጊዜ ፀጥ አለ። ጋሽ ኃይለማርያም በዓይናቸው ለመኑኝ፤ አለፍኳቸው። ወደ ቤዝመንት ወረድኩ። እትዬ ሸዋነሽ ቴሌቪዥኑን አጥፍተው አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ቆሜ፣ ቃል በቃል፣ ከራሴ አንዲት ሳልጨምር ተረጎምኩላቸው፤ አልጋውን፣ በረዶውን፣ ጫማውን፣ መንገዱን። ነ ጋም ላይ ስደርስ ድምፄን እንደ ዘፋኙ ከፍ አድርጌ አልኩት፤ ቤዝመንቱ አስተጋባ።

«ስሙ አይደለም?» አሉ።

«ስሙ አይደለም፣ እትዬ።»

«ምን ኀዘን አለ፣ አለ?»

«አለ።»

ከላይ ወንበር ሲጎተት ይሰማል። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። «ልጅ ነው እኮ» አሉ። «አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ኀዘን ምን እንደሆነ በምን ያውቃል?» ለነጋ ይሁን ለቱርኩ ልጅ አልለየሁትም። ከዚያ ተነሡ። ቀሚሱን ከነስፒሉ ተቀብለውኝ ለበሱት፤ ጠርዙን በእጃቸው ሰብስበው ደረጃውን ወጡና «ኃይሌ» ብለው ተጣሩ። ጋሽ ኃይለማርያም እግራቸው ላይ ወደቁ። በማግሥቱ አሥራ ሁለት ቄስ ቆመው፣ ስሙን እትዬ ሸዋነሽ ራሳቸው በሙታን ሰጡ። ኔጃቲ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ያንን አንገተ ረዥም መሣሪያ ይዞ መጥቶ ዘፈነ፤ አሜሪካኖቹ ጎረቤቶች ሣር ማጨጃቸውን አጥፍተው ኮፍያቸውን አወለቁ። ስኔልቪል ስኔልቪል ከተባለች እንዲህ ያለ ተዝካር አልታየም። ሰው እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ እጄን ይስማል።

ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ወደ አንድ መጽሔት ከመላኬ በፊት ለእየሩሳሌም አነበብኩላት። ሥራ ልትገባ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን ታስር ነበር። በጎቹ ጋ ሳቀች። ጄኔራሉ ጋ ሳቀች። ከዚያ ወዲያ አልሳቀችም፤ እስክጨርስም አላቋረጠችኝም።

«ካሳሁን» አለች ቀስ ብላ። «እኔ መኪናው ውስጥ ነበርኩ እኮ።»

«እሱማ ነበርሽ።»

«በሩ ድረስ ሄድክ፣ ቆምክ፣ ቆምክ፣ ተመለስክ። ደወሉን አልነካኸውም። የቤዝመንቷ መስኮት ከሣሩ እኩል ናት፤ እትዬ ሸዋነሽ ይታዩኝ ነበር። እግርህን ሲያዩ ተነሥተው ነጠላቸውን አስተካከሉ።»

ወረቀቱን አገላበጥኩት።

«ተዝካሩስ?» አልኳት። «ተዝካሩ አልወጣም ልትዪኝ ነው?»

«ተዝካሩማ ወጣ። እሳቸው አልወጡም።» የጫማዋን ክር ጎትታ ቋጠረች። «ትናንት ደውለው ነበር። ካሳሁን አዳምጦ ጨረሰ ወይ፣ አሉኝ።»

«ምን አልሻቸው?»

ሌላኛውን ጫማ አነሣች።

«እያዳመጠ ነው አልኳቸው።»